ውሻው ከጅቡ በፊት ለምን ይጮኻል? የአስፈሪ ፊልም ድባብ አሠራር

ደብረ ብርሃን የሚኖሩ ሦስት ወጣቶች በስልክ የቀረጹትን አጭር አስፈሪ ፊልም ባለፈው ዓመት በአንዳቸው ቤት ሳሎን ተሰብስበን አይተን ነበር። ፊልሙ ገና ከመጀመሩ ፊቱን ከሰልና ቀይ ቀለም የተቀባ ሰው ከድንጋይ ካብ ጀርባ ብቅ አለ፣ አጓራ፣ ሮጠ፤ ቀሪውን አሥር ደቂቃ ያህል ተመልካቹ በሳቅ አሳለፈው። ወጣቶቹ ቅሬታቸውን አልደበቁም፤ ሜካፑ ብቻ ሁለት ሰዓት እንደፈጀባቸውና የተሻለ ካሜራ ቢያገኙ ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን እንደነበር ተናገሩ። ችግሩ ግን የካሜራም የሜካፕም አልነበረም። እንደ ብዙ ሰው እነርሱም አስፈሪ ፊልም የሚያስፈራው በአስፈሪው ፍጡር ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ ሙያውን የሚያውቁት ግን ከፍጡሩ ይልቅ እርሱ ከመምጣቱ በፊት ባለው ጊዜ ላይ ነው የሚደክሙት። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረታችን የዘገየውን ይወቅሳል፤ በአስፈሪ ፊልም ውስጥ ውሻው ጅቡ ሳይመጣ አስቀድሞ፣ አንዳንዴም ጅቡ ጨርሶ ሳይመጣ፣ መጮህ አለበት። ያ ጩኸት በብርሃን፣ በካሜራ፣ በድምፅና በጊዜ እንዴት እንደሚሠራ ከዚህ በታች ተብራርቷል።

ድባብ ሲባል ምን ማለት ነው?

ድባብ አንድ ትዕይንት በተመልካቹ ላይ የሚጥለው አጠቃላይ ስሜት ነው። ታሪኩ የሆነውን ይነግረናል፤ ድባቡ ደግሞ ስለሆነው ነገር ምን ሊሰማን እንደሚገባ ቃል ሳያወጣ ይነግረናል። አንዲት ሴት ከሥራ ተመልሳ በሯን ከፍታ ስትገባ የሚያሳይ ትዕይንት በፍቅር ፊልምም በአስፈሪ ፊልምም ሊኖር ይችላል። ሴትዮዋ፣ በሩና ቁልፉ አንድ ናቸው፤ የሚለየው ኮሪደሩ ምን ያህል እንደጨለመ፣ ካሜራው የት እንደቆመ፣ ቁልፉ ሲዞር ምን እንደተሰማና በሩ ተከፍቶ ስንት ሴኮንድ እንደቆየ ነው።

ስለ ፍርሃት ስናወራ ሦስት ነገሮችን እናደባልቃለን። አንደኛው ድንጋጤ ነው። ነፋስ በር ሲያላትም ሐሳባችን ምን እንደሆነ ሳያጣራ ሰውነታችን ክው ይላል፣ ዓይን ይጨፈናል፣ ትከሻ ይሰበሰባል፤ ወዲያውም ያልፋል። ሁለተኛው ስቅጥጥታ ነው፤ ክፉ ቁስል ወይም የፈረሰ ገላ ስናይ የሚወርረን ስሜት። ሦስተኛው ስጋት ነው፤ ያልመጣውን እንደሚመጣ እያወቁ ወይም እየጠረጠሩ መጠበቅ። ድባብ በዋናነት የሚሠራው ይህን ሦስተኛውን ነው።

ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ ልዩነቱን በቦምብ ምሳሌ ያስረዳ ነበር። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ተራ ወሬ ሲያወሩ ከሥራቸው የተቀበረ ቦምብ በድንገት ቢፈነዳ ተመልካቹ ለ15 ሴኮንድ ይደነግጣል። ቦምቡ ሲቀመጥ ተመልካቹ አስቀድሞ ካየና የሚፈነዳበትን ሰዓት ካወቀ ግን ያው ተራ ወሬ ለ15 ደቂቃ ያህል ልብ አንጠልጣይ ይሆናል፤ ተመልካቹ «ተነሡ፣ ውጡ!» ብሎ ለመጮኽ ይቃጣዋል። በወሬው ላይ አንዲት ቃል አልተጨመረችም። የተጨመረው ተመልካቹ የሚያውቀው፣ ባለታሪኮቹ ግን የማያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

ያልታየው ከታየው ይልቅ ለምን ያስፈራል?

በክረምት ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የወረደ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ጣርማ በር ጉሙ ሲወርድ ከፊት የሚመጣው መኪና አይታይም፤ መጀመሪያ የሚታዩት ሁለት የደበዘዙ መብራቶች ናቸው። አይሱዙ ይሁን አውቶቡስ፣ መስመሩን ይዞ ይምጣ ለቆ፣ አይታወቅም። ተሳፋሪው ያልታየውን በራሱ ግምት ይሞላዋል፤ ግምቱም አብዛኛውን ጊዜ ከእውነቱ የከፋ ነው፤ ስለዚህ መኪናው በሰላም አጠገቡ ሲያልፍ ያየው ከፈራው ያነሰ ይሆንበታል። የፊልም ሠሪዎች የጭስ ማሽን ተከራይተው ሜዳውን ጉም የሚያለብሱት ይህን ግምት ለመቀስቀስ ነው።

ይህ ዘዴ አንዳንድ ጊዜ ከጥበብ ይልቅ ከችግር የተወለደ ነው። ስቲቨን ስፒልበርግ እ.ኤ.አ. በ1975 ለእይታ የበቃውን «ጆውስ» ሲቀርጽ የተሠራለት ሰው ሠራሽ ሻርክ የባሕር ጨው እየገባበት በየጊዜው ይበላሽ ነበር። ዳይሬክተሩ በሻርኩ ፈንታ የውኃውን ገጽ፣ ከሥር ወደ ዋናተኞች እግር የሚቀርበውን የካሜራ እይታ፣ እየተጎተቱ የሚሄዱትን ቢጫ በርሜሎችና ጆን ዊሊያምስ የደረሰውን በሁለት ኖታ የሚመላለስ ሙዚቃ መጠቀም ግድ ሆነበት። ሻርኩ በግልጽ የሚታየው ፊልሙ ከአንድ ሰዓት በላይ ከሄደ በኋላ ነው። ማሽኑ ያለ እንከን ቢሠራ ኖሮ ሻርኩ ገና በመጀመሪያው ትዕይንት ብቅ ይል ነበር፤ እንደ ደብረ ብርሃኑ ባለ ከሰል ፊት።

መብራቱ ከየት ነው የሚመጣው?

የሰው ዓይን ብርሃንን ከላይ መቀበል የለመደ ነው። ፀሐይም፣ የቤት አምፖልም ከላይ ናቸው፤ ስለዚህ የምናውቀው ፊት ሁሉ ጥላው ከቅንድብ፣ ከአፍንጫና ከአገጭ ሥር የሚወድቅ ፊት ነው። መብራቱ ከታች ሲመጣ ጥላዎቹ ይገለበጣሉ፣ የዓይን ጉድጓድ ይቀየራል፣ ያው የምናውቀው ሰው ሌላ ይሆንብናል።

እኔ ይህን የተማርኩት ከፊልም አይደለም። አያቴ መንዝ ውስጥ ማታ ማታ ጥጥ ስትፈትል ኩራዙን ከመደቡ አውርዳ እግሯ ሥር ታኖረው ነበር፤ ክሩን ለማየት ነበር እንጂ እኛን ለማስፈራራት አልነበረም። ነገር ግን ተረት ስትጀምር አገጯ ብርሃን፣ ግንባሯ ጨለማ ይሆናል፤ ከኋላዋ ያለው የድንጋይ ግድግዳ ላይ የእጇ ጥላ እስከ ጣራው ወጋግራ ይደርሳል፤ እንዝርቱ ሲሾር ጥላውም አብሮ ይሾራል። የፊልም ባለሙያ በዘመናዊ መብራት የሚደክምበትን ነገር እርሷ በአንዲት የቆርቆሮ ኩራዝ ትሠራው ነበር።

የፊልም መብራት በጥቅሉ በሁለት መንገድ ይሠራል። በኮሜዲና በብዙ ድራማዎች ዋናው መብራት በሌሎች መብራቶች ይታገዛል፤ ጥላው ሳስቶ ሁሉም ጥግ ይታያል። በአስፈሪ ፊልም ረዳቶቹ መብራቶች ይቀነሳሉ ወይም ይጠፋሉ፤ አንዱ የፊት ጎን በርቶ ሌላው ይጨልማል፣ ክፍሉ ውስጥም ዓይን የማይደርስበት ጥግ ይቀራል። እዚህ ላይ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት አንድ ነገር አለ፤ ጨለማ ማለት መብራት አለመኖር ይመስላቸዋል። ካሜራ ብርሃን ካላገኘ የሚቀርጸው ጨለማን ሳይሆን የሚርመሰመስ ግራጫ ነጠብጣብ ነው። ጨለማ ሆኖ እንዲታይ አንድ ነገር መብራት አለበት፤ የመስኮት ጠርዝ፣ የጋቢ ጫፍ፣ የሰው ትከሻ። ዓይን ያን ሲያገኝ ነው ቀሪውን ጨለማ የሚለው። የሌሊት ትዕይንቶችንም ቢሆን አንዳንድ ፊልም ሠሪዎች በቀን ቀርጸው፣ የሚገባውን ብርሃን ቀንሰውና ሰማያዊ ቃና ሰጥተው የጨረቃ ሌሊት ያስመስሏቸዋል።

ካሜራው የማን ዓይን ነው?

ካሜራ በቆመበት ሁሉ ተመልካቹ ቆሟል። ባለታሪኳ ቤቷ ውስጥ ብቻዋን ስትሆን ካሜራው ከመስኮቱ ውጭ፣ በቅጠሎች መሐል ሆኖ ቢያያት፣ ማንም ምንም ሳይናገር ተመልካቹ «ይህ የማን እይታ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መልስ ባይሰጠውም ጥያቄው ይቀጥላል።

ሌላው መሣሪያ ባዶ ቦታ ነው። በተለመደ ቀረጻ ሰው ሲያወራ ምስሉን ይሞላዋል። በአስፈሪ ፊልም ባለታሪኳ ወደ ምስሉ አንድ ዳር ትገፋለች፤ ሌላው ሰፊ ቦታ ባዶ ይተዋል። ወይም እናት ምጣዱ ላይ አጎንብሳ እንጀራ ስትጋግር ከኋላዋ የጓዳው በር ገርበብ ብሎ ይታያል። በሩ የተዘጋ ቢሆን ዓይናችን ያልፈዋል፤ ወለል ብሎ የተከፈተ ቢሆንም ውስጡን አይተን እንገላገላለን። ገርበብ ያለ በር ግን አይለቀንም። እናትየው እየጋገረች እኛ በሩን እንጠብቅላታለን፤ ከዚያ በር ምንም ሳይወጣ ትዕይንቱ ሊያልቅ ይችላል።

እንቅስቃሴም የራሱ ቋንቋ አለው። ካሜራው ሲንቀጠቀጥ የያዘው ሰው እንዳለ፣ ያም ሰው እንደፈራ ይሰማናል። በተቃራኒው እንደ ውኃ እየፈሰሰ የሚሄድ ካሜራ እግር የሌለው ነገር ይመስላል። ስታንሊ ኩብሪክ እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣው «ዘ ሻይኒንግ» ውስጥ አንድ ሕፃን ባለሦስት ጎማ ብስክሌቱን በባዶ ሆቴል ኮሪደር ሲነዳ ካሜራው ወለሉን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ከኋላው ይከተለዋል። ይህ የተቻለው ጋሬት ብራውን በፈለሰፈው ስቴዲካም በተባለ መሣሪያ ነው፤ መሣሪያው ካሜራውን ከተሸካሚው ሰው አካል ጋር በሞላ (ስፕሪንግ)ና በሚዛን አያይዞ የእርምጃውን ንዝረት ይውጣል። ትዕይንቱን ስታዩ ጆሯችሁንም ስጡት፤ ጎማዎቹ እንጨት ላይ ሲሆኑ ይንኳኳሉ፣ ምንጣፍ ላይ ሲወጡ ድምፁ ጭልጥ ይላል፣ እንደገና እንጨት፣ እንደገና ምንጣፍ። ልጁ በየማዕዘኑ ሲታጠፍ ከምስሉ ይልቅ ያ የሚቋረጥ ድምፅ ነው ትንፋሽ የሚያሳጥረው።

ድምፁ ቢዘጋ ምን ይቀራል?

ጥቂት ነው የሚቀረው። የሚያስፈራችሁን ፊልም ድምፁን አጥፍታችሁ ብታዩት ሰዎች በጨለማ ቤት ውስጥ ሲዘዋወሩ ታያላችሁ፤ ፍርሃቱ ግን አብዛኛው አብሮ ይጠፋል። ዓይንን መጨፈን ይቻላል፣ ፊትን ማዞር ይቻላል፤ ጆሮ ግን ክዳን የለውም። በዚያ ላይ ምስል የሚነግረን ከፊታችን ያለውን ብቻ ሲሆን ድምፅ ከኋላና ከግድግዳው ማዶ ያለውንም ይነግረናል። ማታ መንዝ ውስጥ ጅብን የሚያየው ሰው ጥቂት ነው፤ የሚሰማው ግን ሁሉም ነው፤ ከሩቅ የሰማው ድምፅ ቀጥሎ ከቅርብ ሲመጣ በመሐል የተጓዘውን መንገድ አድማጩ ራሱ ይስለዋል።

አንዳንድ ድምፆች ትርጉማቸው ሳይታወቅ የሚያሸብሩት ለምንድን ነው? ጓሳ ላይ ጭላዳዎች ሣር ሲግጡ የተመለከተ ሰው ይህን አይቷል፤ አንዱ የአደጋ ጩኸት ሲያሰማ መንጋው የመጣውን ሳያጣራ ወደ ገደሉ ይሮጣል። አንድ እንስሳ በፍርሃት ጉሮሮውን ከአቅሙ በላይ ሲያስጨንቀው ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ይሻክራል፣ ከፍና ዝቅ ማለቱ ሥርዓት ያጣል። ማርሞት የተባሉ የተራራ እንስሳትን ጩኸት ያጠና የነበረው አሜሪካዊ ተመራማሪ ዳንኤል ብሉምስታይን ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመው ጥናት ከመቶ በላይ የፊልም ድምፆችን መርምሮ እንዲህ ያሉ የተሰነጠቁ ጩኸቶች በአስፈሪ ፊልሞች ውስጥ ከሚጠበቀው በላይ፣ በድራማ ፊልሞች ደግሞ ከሚጠበቀው በታች እንደሚገኙ አሳይቷል። የሙዚቃ ደራሲዎቹ ማርሞት አላጠኑም፤ የሚያሸብረውን በጆሯቸው ፈልገው ያገኙት ነው።

የዚህ ዓይነተኛው ምሳሌ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጣው «ሳይኮ» ነው። ዳይሬክተሩ ታዋቂው የገላ መታጠቢያ ቤት ግድያ ያለ ሙዚቃ እንዲሄድ አስቦ ነበር። የሙዚቃ ደራሲው በርናርድ ኸርማን ግን ለፊልሙ በሙሉ ባለ አውታር መሣሪያዎችን ብቻ ተጠቅሞ፣ ለዚያ ትዕይንት ደግሞ ቫዮሊኖቹን እንደ ጩኸት ጽፎ አመጣ። ሂችኮክ ሲሰማው ሐሳቡን ቀየረ። የሰማ ሰው ሙዚቃውን ከጩኸቱ መለየት ያቅተዋል።

ከቫዮሊኑ በተቃራኒ ጫፍ ደግሞ ጎርናናው ድምፅ አለ። የሰው ጆሮ በሴኮንድ ከ20 ጊዜ በታች የሚርገበገበውን ድምፅ በተለመደው መንገድ አይሰማም፤ ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለው ግን ከመሰማት ይልቅ ደረት ላይ የሚያርፍ ይመስላል። የድምፅ ባለሙያዎች እንደ ሩቅ ወፍጮ የሚያጓራ ዝቅተኛ ድምፅ ከትዕይንቱ ሥር ያስገባሉ፤ ተመልካቹ ሙዚቃ እንዳለ እንኳ አይገነዘብም። ይህ ድምፅ በድንገት ሲቆም ብቻ ነው እንደነበረ የሚታወቀው።

ስለ ጥቃቅን ድምፆችም አንድ ነገር እንበል። የአጥንት ስብራት ሆኖ የምንሰማው ብዙ ጊዜ ሴለሪ የተባለ አትክልት ግንድ ሲሰበር ነው፤ እኛ ዘንድ የደረቀ የበቆሎ አገዳ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ መስበር ይህንኑ ሳይሠራ አይቀርም። እርምጃ፣ ትንፋሽ፣ የልብስ ኮሽታ ከቀረጻው በኋላ ለብቻቸው ተቀርጸው ምስሉ ላይ ይለጠፋሉ። ዙሪያው ጸጥ ብሎ የባለታሪኩ ትንፋሽ ብቻ ጎልቶ ሲሰማ ተመልካቹ የራሱን ትንፋሽ ይቆጥባል።

ትዕይንቱ ለምን ይጎተታል?

ፊልም ማየት የለመደ ሰው፣ ባያውቀውም፣ አንድ ምስል ስንት ሴኮንድ ቆይቶ እንደሚቀየር ይገምታል። ገጸ ባሕርይዋ ከክፍሉ ወጥታ ካሜራው ባዶውን ክፍል ማሳየት ከቀጠለ ይህ ግምት ይፈርሳል፤ ተመልካቹ «ለምን አልተቀየረም? ምን እንዳይ ነው?» ይላል። ቅንብር ወይም ኤዲቲንግ የምንለው ሥራ በአስፈሪ ፊልም ውስጥ በአብዛኛው ይህን ግምት ማዛባት ነው። አዘጋጁ የሰውየውን የደነገጠ ፊት አስቀድሞ ያሳየንና ያየውን ነገር ያዘገየዋል፤ በመሐል ያሉት ሁለት ሦስት ሴኮንዶች የእኛ ናቸው።

በዚህ ረገድ ትልቅ ትምህርት የሚሰጠው እ.ኤ.አ. በ1942 በፕሮዲዩሰር ቫል ሉተን ሥር፣ ዣክ ቱርነር ያዘጋጀው «ካት ፒፕል» የተባለ በአነስተኛ በጀት የተሠራ ፊልም ነው። አንዲት ሴት ሌሊት በባዶ መንገድ ትሄዳለች፤ ከኋላዋ የሌላ ሴት ጫማ ቋ፣ ቋ ይላል፤ ድንገት የኋለኛው ድምፅ ይጠፋል። ሴትዮዋ ትፈጥናለች፣ ዞር ትላለች፣ ምንም የለም። ተመልካቹ አውሬ ሲጠብቅ ከምስሉ ዳር አንድ ነገር እንደ ተቆጣ አውሬ እየጮኸ ዘው ይላል፤ ሲታይ አውቶቡስ ነው፣ ጩኸቱም የፍሬኑ። ሠራተኞቹ ከዚያ በኋላ ይህን መሰሉን የውሸት ማስደንገጫ ሁሉ «አውቶቡስ» እያሉ ይጠሩት ጀመር።

አውቶቡሱ ተንኮል ብቻ አይደለም። ተመልካቹ ከደነገጠ በኋላ ይስቃል፣ ይዝናናል፣ መቀመጫው ላይ ይደላደላል፤ ያለ ዕረፍት የተወጠረ ስሜት ስለሚደነዝዝ ይህ እፎይታ ለፊልሙ የግድ ያስፈልገዋል። ከዚያም በላይ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንዲሉ፣ አንድ ጊዜ የደነገጠ ተመልካች ቀጥሎ በመጋረጃ መወዛወዝ ሳይቀር ይሸበራል። ይሁን እንጂ በእኔ አመለካከት ዛሬ ዛሬ በየሦስት ደቂቃው አንድ አውቶቡስ የሚልኩ ፊልሞች ይህን ሒሳብ አበላሽተውታል፤ ተመልካቹ ድምፁ ዝቅ ሲል ጆሮውን ይዞ መጠበቅን ተምሯል።

ደሙና ሜካፑስ?

ድርሻቸው ከሚታሰበው ያነሰ ነው። በ«ሳይኮ» የግድያ ትዕይንት ውስጥ ደም የመሰለው የቸኮሌት ሽሮፕ ነው፤ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለነበር ቀለሙ ማንንም አላሳሰበም። አንድ ደቂቃ የማይሞላውን ግድያ ለመቅረጽ ሰባት ቀን ፈጅቷል፤ ጊዜው የሄደው ግን በደሙ ላይ ሳይሆን ቢላውን፣ እጁን፣ የሚጮኸውን አፍና የሚወርደውን ውኃ በአጫጭር ቁርጥራጭ ለየብቻ በመቅረጽ ነው። ተመልካቹ ቢላው ሲወጋ ያየ ይመስለዋል፤ ያገጣጠመው ራሱ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ትንሽ የሚታይ ነገር ብዙ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው «ዚ ኤክሶርሲስት» ሲቀረጽ የልጅቷ መኝታ ክፍል ትንፋሽ እንደ ጭስ እንዲታይ በትላልቅ ማቀዝቀዣዎች ከበረዶ ነጥብ በታች ተደርጎ ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ ይህ በኅዳር ማለዳ ያለ አንዳች ወጪ የሚገኝ ነገር መሆኑን ለወጣቶቹ ነግሬያቸዋለሁ።

በስልክ ካሜራ ይህን መሥራት ይቻላል?

ወጣቶቹ ፊልሙን ደግመው ቀረጹት። ባለ ከሰሉ ሰው ከፊልሙ ተቀነሰ። የቀረው አንድ ክፍል፣ አንዲት ሴት፣ ወለል ላይ የተቀመጠ የእጅ ባትሪ፣ ገርበብ ያለ በርና ከውጭ የሚጮህ ውሻ ነው። ውሻውን የጎረቤት ግቢ አጥር ሥር ስልክ አስቀምጠው ነው የቀረጹት፤ ድምፁ መጀመሪያ ከሩቅ ቆይቶ ከቅርብ እንዲመጣም መጠኑን በቅንብር ላይ ከፍ አደረጉት። ሴትዮዋ ትሰማለች፣ እጇ ያለበት ቦታ ይቀራል፣ በሩን ታያለች። ውሻው ይጮኻል፣ ይጮኻል፤ ጩኸቱ ወደ ማላዘን ይለወጣል።

መጨረሻው ላይ ሲከራከሩ አንደኛው በሩ መከፈት አለበት አለ፣ ሌላው የለበትም። እኔ አያቴ ታወራው የነበረውን፣ ከገበያ የመሸበትን ሰው ተረት ነገርኳቸው። በተረቱ ውስጥም ውሻ ነበር፤ ሲጮህ ሲጮህ ቆይቶ አያቴ «ዝም አለ» ትላለች፤ እንዝርቷም ይቆማል፣ ግድግዳው ላይ የሚሾረው ጥላም ይቆማል። «እምዬ፣ ከዚያስ?» እንላለን፤ እርሷ ግን ወደ በሩ እያየች ትንሽ ትቆያለች። አሁን በወጣቶቹ ፊልም ውስጥ በሩ አይከፈትም። ውሻው ጩኸቱን መሐሉ ላይ ያቋርጣል፤ ካሜራው ሴትዮዋ ፊት ላይ 11 ሴኮንድ ይቆያል፤ በዚያ ሳሎን ውስጥ የሳቀ አልነበረም።